በደሴና በኮምቦልቻ ኮሌጆች ስለ አመራር ስታጠኑ፦ መጠይቁ እውነቱን ይዞ እንዲመለስ

ርዕሱ ጸድቋል። ፕሮፖዛሉ አልፏል። ሁለት መቶ መጠይቅ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ተበትኗል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተመለሰው ዘጠና ነው። ከዘጠናው ውስጥ ግማሹ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ላይ ምልክት ተደርጎበት መጥቷል። አማካሪው አይቶ «ይሄ ዳታ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው።

ይህ በየዓመቱ ይደገማል። ብዙዎቻችሁ ጥፋቱን «መላሾች ቸልተኛ ናቸው» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። አይደሉም። ሰውየው የተጠየቀው ስለ አለቃው ነው። አለቃው ደግሞ ግድግዳ ብቻ በሚለየው ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚያልፍ ካላወቀ እውነቱን አይጽፍም።

መመሪያው ስለ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ወይም ሌላ ተቋም አመራር የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ነው። ሁሉንም ደረጃ እነካለሁ። ረዘም የምለው ግን ወረቀቱ ከእጃችሁ ወጥቶ እስኪመለስ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ጥናቱ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ያዘጋጁ

ለመስክ ሥራው ብቻ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ያዙ። በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ያለ ሰው ሲጨርስ አላየሁም።

- በመጠይቁ ቁጥር ልክ የሚታሸግ ፖስታ
- ሁለት ወይም ሦስት ካርቶን፣ ማሸጊያ ፕላስተር፣ መቁረጫ
- የምትመዘግቡበት አንድ ደብተር
- ለየተቋሙ በስሙ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ፣ ከሁለት ሁለት ኮፒ ጋር
- ትርፍ እስክሪብቶ። «እስክሪብቶ የለኝም» የሚለው ሰበብ ስንት መጠይቅ እንዳስቀረብኝ እኔ አውቃለሁ።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን ወደ አንድ ጥያቄ አጥብቡ

«አመራር በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት» ርዕስ አይደለም፤ ሜዳ ነው። ሦስት ነገር ወስኑ።

1. የትኛው መሪ? የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ዲን፣ ምክትል ፕሬዚዳንት? ሦስቱ የሚሠሩት ሥራ አይገናኝም። የትምህርት ክፍል ኃላፊ የክፍለ ጊዜ ድልድል ያወጣል፤ የመምህራንን ቅሬታም መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ፕሬዚዳንቱን ብዙ መምህር በቅርብ የሚያየው በስብሰባ ነው። ስለማያውቀው ሰው የተጠየቀ ሰው ወሬ ይመልሳል።
2. በማን ዓይን? መሪው ስለ ራሱ የሚናገረውና ሠራተኛው ስለ እሱ የሚናገረው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ሁለቱንም ከሰበሰባችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። አማካይ አውጥታችሁ አታደባልቁ።
3. ከምን ጋር? ከሥራ እርካታ፣ ከመልቀቅ ሐሳብ፣ ከምርምር ሥራ? አንዱን ምረጡ።

ማስጠንቀቂያ። ርዕሳችሁ ውስጥ «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ካለ ቆም በሉ። አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰው፣ በአንድ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ መልስ ዝምድና ያሳያል እንጂ ማን ማንን እንዳመጣ አያሳይም። ሥራውን የወደደ መምህር ኃላፊውንም ከፍ አድርጎ ሊሞላ ይችላል። «ዝምድና» ወይም «ግንኙነት» በሉ። ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት ስትከላከሉ፣ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ፈታኝ ጥቂት ነው።

ደረጃ 2፦ መጠይቁን ምረጡ፣ ተርጉሙ፣ በአማርኛ ጆሮ ስሙት

በዘርፉ በጣም የሚታወቀው የባስ እና የአቮሊዮ የአመራር መጠይቅ ነው፤ ተማሪዎች ኤምኤልኪው ይሉታል። አጭሩ ቅጂ 45 ጥያቄ አለው። 36ቱ ስለ አመራር ባህሪ፣ 9ኙ ስለ ውጤት ናቸው። መለኪያው ከ0 እስከ 4 ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ወደ 1 እስከ 5 ይቀይረውና አማካዩን ከሌላ ጥናት ጋር ያወዳድራል። ስህተት ነው። መለኪያውን እንዳለ ተዉት።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። መጠይቁ የባለቤትነት መብት አለው፤ ማይንድ ጋርደን በሚባል ድርጅት በኩል በፈቃድና በክፍያ ነው የሚገኘው። ከኢንተርኔት የወረደውን ሙሉ ቅጂ ከቴሲሱ ጀርባ ማያያዝም አይፈቀድም። ክፍያው ከከበዳችሁ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ በነጻ የታተመ መለኪያ ፈልጉ፤ የአዘጋጆቹን ፈቃድ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱን አስቀምጡ።

*ትርጉሙ*

ለመምህራን በእንግሊዝኛ ቢቀርብም ያስኬዳል። ለአስተዳደር ሠራተኞች ግን አማርኛ የግድ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉም።
2. ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ይመልስ። ይህ የመልሶ ትርጉም ዘዴ ብሪስሊን በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ነው በሰፊው የታወቀው።
3. ሁለቱን እንግሊዝኛዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ የተለያዩበትን አስተካክሉ።
4. አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። የተደናቀፈችበት ዐረፍተ ነገር ይቀየር።

አሁን የአማርኛው ጣጣ። እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ፤ አይቆጭም።

«አመራር» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ። በመጽሐፍ ትርጉሙ ሌላ ነው። መንገድ ላይ ግን «አመራሩ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የቀበሌ፣ የክፍለ ከተማ ወይም የፓርቲ ሰው ነው። መግቢያው ላይ «ስለ አመራር ላጠና ነው» ካላችሁ ፖለቲካ ይመስለውና ይዘጋል። «የቅርብ ኃላፊዎ ከሠራተኞች ጋር ስለሚሠሩበት መንገድ» በሉ። ወዲያው ይፈታል።

«ኃላፊዬ» ብቻውን አይበቃም። ለአንዱ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ነው፤ ለሌላው ዲኑ። «የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ» ብላችሁ በየገጹ አናት ላይ ድገሙት።

በአንቱታ ጻፉ። «ያዳምጣል» ካላችሁ ኃላፊዋ ሴት የሆነችበት ክፍል ግራ ይጋባል። «ያዳምጣል/ታዳምጣለች» ዓይን ያደክማል። «ያዳምጣሉ» ሁለቱንም ይይዛል፤ ለአለቃም የሚገባው ነው።

አሉታዊ ዐረፍተ ነገር አውጡ። «ኃላፊዬ ቅሬታ ሲቀርብላቸው አይዘገዩም» የሚል ጥያቄ አንብቡ። አሁን «አልስማማም» በሉ። ይዘገያሉ ማለታችሁ ነው ወይስ አይዘገዩም? አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ሰው «አይ...ም» እና «አል...ም» ሲደራረቡበት ይስታል። «ቅሬታ ሲቀርብላቸው በቶሎ መልስ ይሰጣሉ» ይሻላል። ዋናው መለኪያ አሉታዊ ጥያቄ ካለውና መቀየር ካልተፈቀደ፣ አሉታዊውን ግስ በደማቅ ቀለም አትሙ።

ሁለት ጥያቄ በአንድ አታስሩ። «ኃላፊዬ ፍትሐዊና ግልጽ ናቸው።» ፍትሐዊ ሆነው ግልጽ ያልሆኑ ሰው አይታችሁ አታውቁም?

*የግል መረጃ ገጹን ቀንሱ*

ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ማዕረግ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የትምህርት ክፍል። ስድስቱን አንድ ላይ ጠይቃችሁ «ስም አይጻፍ» ማለት ዋጋ የለውም። ዘጠኝ መምህር ባለው ክፍል ውስጥ ሴት ረዳት ፕሮፌሰር አንዲት ብቻ ልትሆን ትችላለች። እሷም ይህን ታውቃለች። ለጥናታችሁ የሚያስፈልገውን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አስቀሩ፤ ዕድሜንና አገልግሎትን በሰፊ ክልል ጠይቁ፤ ገጹንም ወደ መጨረሻ ውሰዱት።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን ከትክክለኛ ዝርዝር አውጡ

ከሰው ሀብት ክፍል የሠራተኛ ዝርዝር ውሰዱ። ግን እንዳለ አትጠቀሙበት። ለትምህርት የሄዱ መምህራን ስማቸው ደመወዝ መክፈያው ላይ አለ፤ ሰውየው ግን ግቢ ውስጥ የለም። ስድስት ወር ያልሞላው አዲስ ሠራተኛም ስለ ኃላፊው ገና የሚለው የለም። ሁለቱን አውጡ። ይህን ሳያደርጉ ናሙና ያወጡ ሰዎች የሌለ ሰው ፍለጋ ሲንከራተቱ ይከርማሉ።

ለምሳሌ ዝርዝሩ ላይ 285 ሰው አለ እንበል። 45ቱ ወጡ። 240 ቀሩ። የናሙና መጠን የሚወጣበትን የያማኔን ቀመር ከ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ጋር ብትጠቀሙ፦

240 ÷ (1 + 240 × 0.0025) = 240 ÷ 1.6 = 150

240ዎቹ በሦስት ኮሌጅ 120፣ 80 እና 40 ሆነው ከተከፈሉ፣ ናሙናውም በዚያው ልክ 75፣ 50 እና 25 ይሆናል። ከዚያ በየኮሌጁ ዕጣ አውጡ። ያገኛችሁትን ሰው መስጠት ዕጣ አይደለም። ከአሥር አንዱ አይመልስም ብላችሁ ብታስቡ፣ 150 ÷ 0.9 ወደ 167 ይመጣል። ያን ያህል በትኑ።

ሠራተኛው በጠቅላላ ከመቶ በታች ከሆነ ቀመሩን ተዉት፤ ሁሉንም ጠይቁ። ኃላፊዎችም ጥቂት ስለሆኑ ናሙና አያስፈልጋቸውም።

ደረጃ 4፦ ደብዳቤውን በእግራችሁ ተከታተሉ

መጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ። ከዚያ የትብብር ደብዳቤ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

ለየተቋሙ ለየብቻ ደብዳቤ አጽፉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ፣ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በኮምቦልቻ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ አካል ናቸው ብላችሁ የደሴውን ደብዳቤ ኮፒ ይዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። መምህራን ትምህርት ኮሌጅም፣ ፖሊ ቴክኒክም፣ የግል ኮሌጅም እንደዚያው በስማቸው ይጻፍላቸው።

መዝገብ ቤት ስትሰጡ ቁጥርና ቀን ተቀብላችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ኃላፊው ደብዳቤውን ወደ ማን እንደመሩት ጠይቁ። ደብዳቤ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ተመርቶ የጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በሁለተኛው ቀን ሂዱ። በስልክ አይሆንም። ጸሐፊዋን በስሟ፣ በአክብሮት ጠይቁ፤ ቢሮውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት።

*ኃላፊው «መጠይቁን ልየው» ቢሉስ?*

አሳዩ። ባዶውን መጠይቅ ማየት መብታቸው ነው። «የተሞላውን ግን ከእኔና ከአማካሪዬ በቀር ማንም አያየውም» የሚለውን ያን ጊዜ፣ ፊት ለፊት፣ በትህትና ተናገሩ። በኋላ ከምትከራከሩ አሁን መናገር ይሻላል። «አልፈቅድም» ካሉ አትለማመጡ፤ በተጠባባቂነት የያዛችሁትን ተቋም ተኩ፤ ምክንያቱንም ለሪፖርቱ መዝግቡ።

ደረጃ 5፦ ሙከራ አድርጉ

ከ20 እስከ 30 ሰው፣ በጥናቱ ውስጥ ከሌለ ተቋም። ጥናታችሁ ደሴ ብቻ ከሆነ ኮምቦልቻ ውረዱ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ከተማ ካለበት ያልመረጣችሁትን የግል ኮሌጅ ጠይቁ።

ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ከሃያ ካለፈ አሳጥሩ። ሁለተኛ፣ የክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚገጥሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ ስንት ነው? 0.70 እና ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አለው።

- አልፋ ዝቅ ካለ፦ መጠይቁን ከመክሰሳችሁ በፊት የአሉታዊ ጥያቄዎችን ነጥብ ገልብጣችሁ (0ን 4፣ 1ን 3 አድርጋችሁ) እንደሆነ አረጋግጡ። አብዛኛው ችግር ይህ ነው።
- አልፋ ከ0.95 ካለፈ፦ አትደሰቱ። ወይ ጥያቄዎቹ አንዱን ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ ወይ ሰዎቹ ሳያነቡ አንድ ረድፍ ሞልተዋል። ወረቀቶቹን በዓይን እዩ።

የሙከራውን መልስ ከዋናው ጋር አትቀላቅሉ።

ደረጃ 6፦ የወረቀቱን መንገድ ጥረጉ

እዚህ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ጥናቴ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ፣ ሠላሳ መጠይቅ ለአንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሰጠሁ። ደግ ሰው ናቸው። «አብሽር፣ እኔ እሰበስብልሃለሁ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሃያ ስምንቱ በአንድ ክላሰር ውስጥ ተስተካክለው ጠበቁኝ። ደስ አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ አንድ በአንድ ሳገላብጥ ሁሉም ዳር እስከ ዳር «እስማማለሁ» ነው። አንዱ ላይ ብቻ የነጭ ማጥፊያ ቀለም እብጠት በጣቴ ተሰማኝ። ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረግሁት። ከቀለሙ ሥር «በጭራሽ አልስማማም» ላይ የተደረገ ምልክት ይታያል። ከላዩ «እስማማለሁ» ተደርጎበታል። ያ መምህር እውነቱን ከጻፈ በኋላ ነው ወረቀቱን ማን እንደሚሰበስበው ያስታወሰው።

ኃላፊው ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስምንቱንም ጣልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ።

1. በኃላፊም ሆነ በጸሐፊ በኩል አትበትኑ። እርዳታቸውን በሌላ ነገር ውሰዱ፤ ማን የት ቢሮ እንዳለ ያሳዩዋችሁ። ወረቀቱን ግን ራሳችሁ፣ ለራሱ ለሰውየው፣ በእጁ ስጡ።
2. በስብሰባ ላይ አታስሞሉ። ሁሉም አንድ ጊዜ ስለሚገኝ ይማርካል። ግን ጎረቤት ያያል፤ ኃላፊውም መድረክ ላይ ናቸው።
3. ከእያንዳንዱ መጠይቅ ጋር ባዶ ፖስታ ስጡ። «ሲጨርሱ ራስዎ ያሽጉት» በሉ። ፖስታው ላይ ስምም ቁጥርም አይጻፍ። በእርሳስ የተጻፈች ትንሽ ቁጥር እንኳ ሰው ያያታል፤ እምነቱ ያን ጊዜ ያበቃል።
4. ካርቶን አስቀምጡ። አፉን በፕላስተር ዝጉ፤ ከላይ ፖስታ የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቅደዱ። ቦታው ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ወይም የመምህራን ሻይ ቤት ይሁን፤ የኃላፊው ቢሮ በር ላይ አይሁን።
5. የስምምነት ቅጽ የሚፈረም ከሆነ ከመጠይቁ ለዩት። በአንድ ስቴፕል ከተያዙ ፊርማው ስም ነው። ኮሚቴው ከፈቀደ «ሞልቶ መመለስ ፈቃደኝነትን ያሳያል» የሚል መግቢያ ይበቃል።
6. ደብተሩ ላይ ቁጥር ብቻ መዝግቡ። ቀን፣ ኮሌጅ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ። ማን መለሰ የሚለውን አትጻፉ።
7. በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን አስታውሱ። የመለሰውን ስለማታውቁ ለሁሉም እኩል አመስግኑ፦ «ለመለሳችሁ እናመሰግናለን፤ ላልቻላችሁ እስከ ሐሙስ እንጠብቃለን።»

*መቼ?*

የፈተናና የውጤት ማስገቢያ ሳምንት አይሆንም። ምዝገባ ሳምንትም አይሆንም። ዓርብ ከጁምዓ በፊትና በኋላ ሰው ቢሮ አትፈልጉ። ረመዳን ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የጾመ ሰው ላይ አርባ ጥያቄ መጫን ደግ አይደለም። ዓቢይ ጾምም እንዲሁ። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን አታጣድፉ። ጠዋት ደሴ በብርድ ኩታ ለብሳችሁ ጀምራችሁ፣ በሚኒባስ ወርዳችሁ ከሰዓት ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስትደርሱ ሰው ምሳ ወጥቷል። ለየከተማው የራሱን ቀን ስጡት።

*በኦንላይን ቢሆንስ?*

ይሆናል፤ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። ጉግል ፎርም ኢሜይል እንዲሰበስብ ከተከፈተ ሰው ገና ሲያየው ይወጣል፤ አጥፉት። ሁለተኛው የቴሌግራም ግሩፑ ነው። የትምህርት ክፍሉ ግሩፕ አስተዳዳሪ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ኃላፊው ናቸው። ሊንኩን እዚያ መለጠፍ መጠይቁን በእሳቸው እጅ ከማደል አይለይም። ለየሰው በግል ላኩ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ግቢ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ መሙያ ያለ ኢንተርኔት መሙላት ስለሚያስችል ይሻላል።

*የተመለሰው ግማሽ ካልሞላስ?*

አትደንግጡ። መጀመሪያ ከደብተሩ የትኛው ኮሌጅ እንደጎደለ እዩ። አንዱ ብቻ ከሆነ እዚያ የተለየ ነገር አለ፤ ሻይ ቤት ገብታችሁ አንድ የምታውቁትን ሰው ጠይቁ። የኃላፊ ለውጥ ወይም ያልተፈታ ቅሬታ ይኖራል። ለአሥር ቀን ያህል ትታችሁ ተመለሱ። አሁንም ካልመጣ፣ ከዚያው ኮሌጅ ዝርዝር ቀጣዩን ዕጣ አውጡ። ከሌላ ኮሌጅ አትሙሉ።

በምንም ዓይነት ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ አትሙሉ። ጓደኛም አያስሞላችሁ። በ96 እውነተኛ መጠይቅ የተጻፈ ቴሲስ ዲፌንስ ላይ ይቆማል። በ150 የውሸት መጠይቅ የተጻፈው ደግሞ፣ ቢያልፍም፣ ነገ አንድ ሌላ ተማሪ ማጣቀሻ ያደርገዋል።

ደረጃ 7፦ ኃላፊዎቹን አነጋግሩ

ቃለ መጠይቁን ከመጠይቁ በኋላ አድርጉ። ቀድማችሁ ከገባችሁ ሠራተኛው ከኃላፊው ቢሮ ስትወጡ ያያችሁና የእሳቸው ሰው ያደርጋችኋል።

«የአመራር ዘይቤዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የምታገኙት የሥልጠና ማኑዋል ነው። ይልቁንስ፦ «ባለፈው ሴሚስተር ከመምህራን ጋር ያልተስማሙበት አንድ ጉዳይ ያስታውሳሉ? ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይንገሩኝ።» ሰው አንድን ቀን ሲተርክ እውነቱን መሸፈን ይከብደዋል። ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉ። አምስት ሰከንድ ዝምታ ከሦስት ጥያቄ ይበልጣል።

ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ጻፉ፤ ከወጣችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደብተራችሁን ሙሉ። ቡና ከቀረበ ጠጡ። ወሎ ውስጥ አቦልን ጠጥቶ ሰዓት ማየት ነውር ነው፤ ጥሩው ነገርም ብዙ ጊዜ ቶና ላይ ነው የሚመጣው። ቡናው ላይ የተባለውን ግን ሳታስፈቅዱ አትጠቀሙ።

ስለ ጦርነቱ ወራት ስትጠይቁ ረጋ በሉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱም ከተሞች በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ተቋማት ተዘርፈዋል። በቀውስ ጊዜ ስለነበረ አመራር ማጥናት ትልቅ ርዕስ ነው፤ ግን የምታነጋግሩት ሰው የራሱ ሐዘን ሊኖረው ይችላል። «ይህን መዝለል ይችላሉ» ብላችሁ ጀምሩ። ድምፃቸው ከተለወጠ መቅጃውን አጥፉ። ሌላም ነገር፦ ከዚያ በፊት የነበሩ ቃለ ጉባኤዎችንና ዕቅዶችን ለመመርመር ፕሮፖዛል ላይ ከጻፋችሁ፣ ፋይሉ መኖሩን አስቀድማችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

*ስም ባይጻፍም ሰው ይታወቃል*

ደሴ ትልቅ ከተማ ናት፤ የዲኖች ዓለም ግን ጠባብ ነው። «አንዲት ሴት ዲን እንዳሉት» ብላችሁ ስትጽፉ ፒያሳ ያለ ሁሉ ማን እንደሆኑ ያውቃል። ጾታንና የተቋሙን ዓይነት አንድ ላይ አትጻፉ። «ኃላፊ 4» ይበቃል። ከአምስት ሰው በታች የመለሱበትን ትምህርት ክፍል ውጤት ለብቻው አታቅርቡ፤ ከሌላ ጋር አጣምሩት።

ደረጃ 8፦ አስገቡ፣ አጽዱ

በተለያየ ቀን የተመለሱትን ፖስታዎች አደባልቃችሁ ክፈቱ። ቁጥር የምትጽፉት አሁን ነው፤ ከተመለሰ በኋላ። ለማስገባት ኤክሴልም፣ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስም ይሆናል።

- አሉታዊ ጥያቄዎችን ገልብጡ።
- ከመገልበጣችሁ በፊት ግን ሁሉንም ጥያቄ፣ አሉታዊዎቹን ጨምሮ፣ በአንድ ቁጥር የሞላውን ለዩ። ስንት እንደሆነ ጻፉ፤ ከነምክንያቱ አውጡት።
- ባዶ ቦታን በ0 አትሙሉ። መለኪያው ከ0 ከጀመረ «በጭራሽ» ብላችሁ በሰው ስም መመለሳችሁ ነው።
- ከአሥር አንዱን ወረቀት ሌላ ሰው እንደገና ያስገባው። ልዩነት ከበዛ ሁሉንም ከልሱ።

ደረጃ 9፦ ስትጽፉ

ትንታኔው ላይ አማካሪያችሁ ስላሉ አላረዝምም። ሁለት ነገር ብቻ። ስንት በትናችሁ ስንት እንደተመለሰ፣ ስንት እንደጣላችሁና ለምን እንደሆነ በግልጽ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ የየጥያቄውን አማካይ ተራ በተራ በሠንጠረዥ አትደርድሩ፤ አንድን ባህሪ አብረው የሚለኩትን ጥያቄዎች በዘርፍ ሰብስባችሁ የየዘርፉን አማካይ ስጡ። አርባ አምስት ረድፍ የሚያነብ የለም።

ለተባበሯችሁ ኮሌጆች የውጤቱን ማጠቃለያ አድርሱ። ሁለት ገጽ፣ በአማርኛ፣ ለየኮሌጁ። ለኃላፊዎቹ ብቻ አትስጡ፤ ካርቶናችሁ ተቀምጦ በነበረበት ሻይ ቤት ግድግዳም ለጥፉ፤ የሞሉት ሰዎች እዚያ ናቸው። የተሞሉትን ወረቀቶች ኮሚቴው የወሰነላችሁ ጊዜ እስኪያልቅ ቤታችሁ ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ ጊዜው ሲያበቃ አቃጥሉ። ለቆሻሻ ገዢ ወይም ለሱቅ መጠቅለያ አትስጡ። የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ በበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ አለቃው ቤት ሊደርስ ይችላል።